ባሕሩ አፍ ላይ ያለው ነጭ ቤት ለምን ከዝርዝራችን ወጣ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን ፋታ የለውም። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። «ያ አምና ያረፍንበት፣ ባሕሩ አፍ ላይ ያለው ነጭ ቤት የት ገባ?» አንዳንዶቻችሁ ሌላ ሰው የቀደማችሁ መስሏችሁ ቅር ብሏችኋል። ማንም አልቀደማችሁም። ከምናከራያቸው የዕረፍት ቤቶች ዝርዝር ያወጣነው እኛው አስጎብኚዎቻችሁ ነን። ሌላም የተቀየረ ነገር አለ፤ መኪና የምታቆሙበት ቦታ፣ የቡድኑ ብዛት፣ የምትደርሱበት ሰዓት። በስልክ ስናስረዳ ግማሹን እየዘለልን ስለተቸገርን ቁጭ ብለን ጻፍነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱን።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት መኪና ነው።

አምና ነጩ ቤት ባለበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ከእንግዶቻችን አንዱ መኪናውን ጀልባ ወደ ባሕር በሚወርድበት የሲሚንቶ ቁልቁለት ላይ አቆማት። ክፋት አልነበረበትም። ቦታው ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው፣ «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ነገር አልተለጠፈበትም። ለከተማ ሰው ይሄ ፓርኪንግ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ስልኩን «ዕረፍት ላይ ነኝ» ብሎ መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ዳርቻውን ይዞ በእግሩ ሄደ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ።

እዚያ መንደር ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀልባ የሚወርደው ውሃው ቁልቁለቱ ጫፍ ድረስ በመጣበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ ነው። የዚያን ቀን ሁለት ጀልባዎች መረባቸው ተጣጥፎ፣ ሣጥኖቻቸው በበረዶ ተሞልተው፣ ከመኪናዋ ጀርባ ተሰልፈው ቆሙ። ሰዎቹ መንደሩን ቤት ለቤት እየዞሩ ባለመኪናውን ፈለጉ። አጡት።

እንግዳችን ሲመለስ ከልቡ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ አነሳታለሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አለ። ከባለጀልባዎቹ አንዱ አዛውንት ናቸው። አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ታች አሳዩት። ውሃው የለም።

ማታውኑ ተደወለልን። በማግስቱ ከቢሮ ሁለታችን ተነስተን ሄድን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ የቀኑን ሥራም ለመካስ። አዛውንቱ ገንዘቡን ተቀበሉን። ለምን አይቀበሉ? የላባቸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ያወሩን ስለ ነጩ ቤት ነው። ቤቱ የጎረቤታቸው ነበር። ጎረቤታቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ለከተማ ሰው ሸጡት። የአዛውንቱ ሴት ልጅ ጀልባው ላይ አብራቸው ትሠራለች፤ ነገር ግን በተወለደችበት መንደር የምትከራየው ቤት ስላጣች ርቃ ነው የምትኖረው። ሙላቱ ሌሊት ላይ ሲሆን ለመድረስ በእኩለ ሌሊት ትነሳለች። «ያንን ቤት ከመስኮቴ አየዋለሁ» አሉን። «አብዛኛውን ዓመት መብራት አይበራበትም። በጋ ሲመጣ ሰው ይገባበታል፤ ጀልባዬን ሳስነሳ ደግሞ ጮኸብን ይለኛል።»

ጮኸብን ያለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ቅሬታው ፋይላችን ውስጥ አለ።

ተመልሰን ያንን ፋይል ከፈትነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ ሞተር። ዳርቻው ላይ ተከምሮ የሚሸት የባሕር ሣር። አውራ ዶሮ፤ እሱ እንኳን ደጋግሞ መጥቷል። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅሬታ በደረሰን ቁጥር ወደ መንደሩ ደውለን «እባካችሁ ትንሽ ቀስ በሉ» እንል ነበር። አሁን ስናስበው ያሳፍራል። የሞተሩን ሰዓት የሚወስነው ባለጀልባው አይደለማ፤ ባሕሩን እየሳበች የምታስሞላው ጨረቃ ናት። ሙላቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ የወጣ ጀልባ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው የሚወጣው። ጨረቃን ደግሞ ቀስ በይ ብንላት አትሰማንም።

በአውራ ዶሮ ነገር ፍርድ ቤት የደረሱም አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ኦሌሮን በምትባል ደሴት ላይ ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ ነበር። ጎረቤት የዕረፍት ቤት ያላቸው ባልና ሚስት በየማለዳው መጮኹ እንቅልፍ ነሳን ብለው ባለቤቱን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለዶሮው ፈረደ። ጭራሽ ከሳሾቹ 1,000 ዩሮ ካሳ እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው። ነገሩ በዚያም አላበቃም። በጃንዋሪ 2021 ፈረንሳይ የገጠሩ ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ ነው የሚል ሕግ አወጣች። ሞሪስ ሕጉን አላየውም፤ በ2020 ሞተ።

የባሕር ዳር ሰዎች ለከተማ እንግዳ ስም ማውጣት ይወዳሉ። በእንግሊዝ ኮርንዎል «ኤሜት» ይሉታል፤ በአካባቢው አነጋገር ጉንዳን ማለት ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ዳርቻ «ሹቢ» ይባላል፤ ድሮ ምሳውን በጫማ ካርቶን ይዞ ለቀን ብቻ ከሚመጣው መንገደኛ የተወረሰ ስም ነው ይላሉ። እኛም መንደሩ ውስጥ «እኛንስ ማን ትሉናላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ተያይተው ሳቁ እንጂ አልነገሩንም።

ስሙ ይለፍ። ይህን ሁሉ የምንጽፈው ጸባያችሁን ለመውቀስ አይደለም። ቆሻሻ አትጥሉም፣ ሰላምታ ትሰጣላችሁ፣ መኪናውን ያቆመው ሰውዬም ጨዋ ሰው ነው። ደግነቱ ግን ጀልባውን አላወረደውም። ጠቡ የቤትና የቦታ ነው። ማን የት ያድራል? አሸዋው የማን ነው? ይሄ ጥያቄ ሳይመለስ ፈገግታ ብቻ የትም አያደርስም።

ኮርንዎል ያለችውን ሴንት አይቭስን እንውሰድ። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ ቤቶቿ የዕረፍት ቤቶች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ከ80 በመቶ በላይ ነበር የደገፈው። ችግሩ ውሳኔው አዲሱን ቤት ብቻ የሚመለከት መሆኑ ነው። የዕረፍት ቤት ፈላጊው ፊቱን ወደ አሮጌዎቹ አዞረ። ዌልስ ውስጥ አበርሶክ የምትባል መንደር ደግሞ በበጋ እግር መርገጫ የላትም፤ ትምህርት ቤቷ ግን በ2021 መጨረሻ ተዘጋ። ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነበር። የዌልስ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በሁለተኛ ቤት ላይ ከመደበኛው የቤት ግብር ሌላ እስከ 300 በመቶ ጭማሪ መጣል እንዲችሉ ተፈቅዶላቸዋል። ጭማሪው ቤቱን ይመልሳል ወይ ለሚለው ክርክሩ አሁንም አላለቀም።

አሸዋውንስ? በ2023 በጋ የግሪኳ ፓሮስ ደሴት ሰዎች ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ። የሚከራይ ወንበርና ጥላ ዳርቻውን ስለሞላው እነሱ ፎጣ የሚያነጥፉበት ቦታ አጥተው ነበር። እንቅስቃሴው በፎጣው ተሰየመ። ዜናውን ያኔ ስንሰማ «አይ ግሪኮች» ብለን አልፈነዋል።

እኛስ ምን ስናደርግ ነበር? ቡድን ከመድረሱ በፊት ማለዳ ሰው ልከን ጥላ ቀድመን እንተክል ነበር። የምንመርጠው ደግሞ ጠፍጣፋውን፣ ደረቁን፣ ከውሃው ራቅ ያለውን ቦታ ነው። ያ ቦታ መረብ የሚሰጣበት ነው። መረቡ ቀጭን ነው፤ አሸዋው ላይ ሲዘረጋ ላላወቀ ሰው አይታይም። አንድ ቀን የአንዱ ጥላችን እግር መረብ በስቶ ሲተከል ቀዳዳው ሰፋ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ወዮ ሳትል ቁጭ ብላ በክርና በመርፌ ትቋጥረው ጀመር። የአንድ እጅ ጣቶቿ መረቡን ይወጥራሉ፣ የሌላው እጅ ያስገባል፣ ያዞራል፣ ይስባል፤ እንደገና ያስገባል። እስኪመሽ አልጨረሰችም። የኛ ሰዎች ከበዋት ፎቶ ያነሷት ነበር። ጥሩ ፎቶ ወጥቶታል። በማስታወቂያችን ላይ አውለነዋል፤ «ጊዜ የቆመበት ሕይወት» ብለን። ማን እንደቀደደው አልጻፍንም። አሁን አውርደነዋል።

ለመንደሩም ቢሆን እያደላን አይደለም። አምና የአንዲት እንግዳችን መኪና ጎማ ሆን ተብሎ ተንፍሶ ተገኝቷል። እሷ ያቆመችው በሚገባው ቦታ ነበር። ስለሌላ ሰው ጥፋት እሷ መቀጣቷ ትክክል አይደለም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ተናግረናል። ደግሞ ቤቱን ለከተማ ሰው የሸጠው የመንደሩ ልጅ ነው፣ አስገድዶ የወሰደበት የለም። እናንተ ባትመጡ ኪሳቸው የሚጎድልባቸው ብዙ ናቸው። ፊሊፒንስ ቦራካይ ደሴትን እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ወር ለጎብኚ ዘግታ ነበር፤ ፍሳሹ ወደ ባሕር እየገባ ስላስቸገረ። ጽዳቱ ያስፈልግ ነበር። ግን እነዚያን ወራት ያለ ሥራ የተቀመጡት የደሴቲቱ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ «ለምን ጨርሳችሁ አትተዉትም?» ላላችሁን መልሳችን ይሄው ነው።

እንግዲህ ወደ ተቀየረው ነገር እንምጣ።

ነጩን ቤትና መሰሎቹን አናከራይም። ከእንግዲህ የምታርፉት ባለቤቱ እዚያው በሚኖርበት ቤት፣ በተረፈ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሎቹን አይተናቸዋል፤ ንጹሕ ናቸው። መታጠቢያው የጋራ የሆነበት አለ። ከመስኮቱ ባሕር አይታይም፤ በእግር ስድስት ደቂቃ ያስኬዳል። ነጩ ቤት ብዙ ትርፍ የምናገኝበት ስለነበር ውሳኔው ለኛም ቀላል አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ተጨቃጭቀንበታል፤ ከመካከላችን አሁንም ያልተዋጠለት አለ።

መኪና ከመንደሩ መግቢያ አያልፍም። ሻንጣችሁን የመንደሩ ወጣቶች በጋሪ ያደርሱላችኋል፤ የነሱን ክፍያ እኛ እንችላለን። የምትደርሱበት ሰዓት በየሳምንቱ የሚለያየውም ለዚሁ ነው። መንገዱ አንድና ጠባብ ነው፤ ሻንጣም ጀልባም በሱ ነው የሚያልፉት። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱ የጀልባ ነው፣ ሲሸሽ የናንተ።

ቡድኑ ከ40 ሰው ወደ 12 ወርዷል። ቁጥር መወሰን አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በጣሊያኗ ደሴት ሰርዲኒያ ውስጥ ላ ፔሎሳ የተባለው ዳርቻ በበጋ በቀን 1,500 ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ አሸዋው ከፎጣ ጋር እየተጣበቀ ስለሚሄድም ከፎጣ ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ ግዴታ ነው። ስለ አሸዋ ካነሳን፣ «ለማስታወሻ ትንሽ ልያዝ» የምትሉ አላችሁ። እዚያው ሰርዲኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ባልና ሚስት በ14 የፕላስቲክ ጠርሙስ 40 ኪሎ ገደማ አሸዋ መኪናቸው ውስጥ ይዘው ተይዘዋል። እነሱም ለማስታወሻ ነው ብለዋል። እባካችሁ ተዉት።

ጥላ ቀድመን መትከል አቁመናል። ጥላ የምትፈልጉ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ከመትከላችሁ በፊት ግን መሬቱን በእጃችሁ ዳብሱት። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ድሮን ጭራሽ አይፈቀድም።

በድሮው ዝርዝር ለነጩ ቤት ቀድማችሁ የከፈላችሁ ሰባት ቤተሰቦች አላችሁ። ገንዘባችሁ ሙሉውን ይመለሳል፤ ምንም አይቆረጥም። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ በአዲሱ መንገድ መሄድ ከፈለጋችሁም ቦታ ይዘንላችኋል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አሳውቁን።

አንድ ነገር ልንረሳ ነበር። የአዛውንቱ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት እንግዳ ጀልባው ላይ ይዛ ለመውጣት ተስማምታለች። ሁኔታዎቹን እሷ ናት ያወጣችው። በሰዓቱ ያልተገኘ አይጠበቅም። የሚያቅለሸልሸው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። መረብ ሲሳብ ሁሉም ይስባል።

የሙላቱ ሰዓት ሰንጠረዥ ከትኬታችሁ ጋር ይላክላችኋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሞተር ድምፅ ከቀሰቀሳችሁ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ። ለኛ ግን አትደውሉ፤ ተኝተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አስጎብኚዎቻችሁ