የምስጋና መልእክት፦ ለከዚራዋ እማማችን እና ለድሬ ልጆች በሙሉ

አቦ የድሬ ሰው እንዴት ብዬ ላመስግናችሁ! ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከአዲስ አበባ በመጡት ሙዚቀኞች የሙዚቃ ምሽት ላይ የሆነውን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልነበራችሁም ቪዲዮውን አይታችኋል። ሙዚቃው ሊቀርብበት የነበረው አዳራሽ በመጨረሻ ሰዓት እንደቀረብን ሰምታችኋል፣ እሱን አላነሳውም፣ አልፏል፣ ተመስገን።

መጀመሪያ ጎረቤቴን እማማን ላመስግን። ስሜን ስልክ ላይ እንዳታወጪ ስላሉኝ አልጠራቸውም፣ የከዚራ ሰው ግን በረንዳቸውን ሲያይ ያውቃቸዋል። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበሩ፣ ካረፉ ወዲህ እዛ ግቢ ሬዲዮ እንኳ ጮክ ብሎ ተከፍቶ አያውቅም። ታዲያ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሙዚቀኞቹን ልጆች የት ላድርጋቸው እያልኩ በስልክ ስጨነቅ ሰሙኝና "ይሄ ግቢ ምን አለው? አምጫቸው" አሉኝ። በቃ ይሄው ነው። ከዛ በኋላ እኔን ማን ሊያስቆመኝ፣ እሳቸውንስ ማን ሊያስቆማቸው፣ ሰሌን አስነጠፉ፣ አቧራውም ሙቀቱም እንዲበርድ ግቢውን ውሃ አስረጩ፣ ሳምቡሳ ጠበሱ፣ የሙዚቀኞቹን በላብ የራሰ ሸሚዝ ሳይቀር አጥበው አሰጡ። ማናጀር የለ፣ ስፖንሰር የለ፣ መሳሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች ናቸው፣ እንደ እናት ነው የተቀበሏቸው።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን የሚቀባበት እጣን መንገድ ላይ ጠፍቶበት ነበር። ያለ እጣን ጭራው ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። እማማ ከቡናቸው ማጨሻ እጣን አንስተው "ይሄ ይሆንሃል ልጄ?" አሉት። ያን ማታ የሰማችሁት በእማማ እጣን የወጣ ድምፅ ነው፣ ያለ ማይክ ያለ ስፒከር፣ አንድ ክር ብቻ! ይሄን ስጽፍ እንባዬ እየመጣ ነው ይቅርታ።

እማማ በልጅነታቸው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑን አፍራን ቀሎን፣ እነ አሊ ቢራን፣ ሰርግ ቤት ሲጫወቱ አይቻለሁ ይላሉ፣ በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ መሆኑ ነው። "ዘፈን ድሮም ሰው ቤት ነው ያደገው፣ አዳራሽ ኋላ የመጣ ነው" ሲሉኝ ጭንቀቴ ሁሉ ለቀቀኝ። ደሞ ማታ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ተቀበል ብለው ለማሲንቆው ግጥም ሰጡ፦

ባቡሩ ቢቆምም ሐዲዱ ቢዝግም፣
እኔስ መጠበቄን ከቶውን አልተውም።

ልጁ ደግሞ ደጋግሞ ሲያዜመው ግቢው በሙሉ አለቀሰ። የማን ባል እንደሚጠበቅ ሁላችንም ገብቶናል። እማማ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ውለታዎን እግዜር ይክፈልልኝ፣ እኔ አልችለውም።

ክራር ተጫዋቿ፣ ሙቀቱ ክሩን እያላላባት ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስትቃኝ አንድም ሰው ስልኩን አላወጣም አላወራም፣ ይሄ ለእሷ ከሽልማት በላይ ነው ብላኛለች። ዋሽንትና ከበሮ የተጫወታችሁም ኑሩልኝ። መብራት ሲጠፋ የባጃጁን ፓውዛ ወደ ግቢው ያዞርክልን ወንድሜ፣ የደንገጎን ቁልቁለት በማታ ወርዳችሁ ከሐረር የመጣችሁ፣ ወንበር ያዋሳችሁ የሰፈር ልጆች፣ ጫማ ተራ ያስያዛችሁ ሕፃናት፣ የሳቢያን ሰፈር ልጆች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሌን ላይ የተሰበሰበው ብር ሳንቲም ሳይጎድል ለሙዚቀኞቹ ደርሷል።

ያልጠራኋችሁ ደሞ አትቀየሙኝ፣ ብዙ ናችሁ፣ ልቤ ሞልቶ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። በነገራችን ላይ አንድ አረንጓዴ ሻሽና የሕፃን ነጠላ ጫማ እማማ ግቢ ቀርቷል፣ ባለቤቶቹ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ስትመጡ ግን ቡና ሳትጠጡ አይለቋችሁም።