"ፈረመ" ብቻ አትበሉን፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅም ጻፉልን

ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን ሙሉ እከሌ ለእንትን ክለብ ፈረመ፣ እከሌ ከእንትን ጋር ተለያየ እያላችሁ ስታስነብቡን ከረማችሁ፣ እናመሰግናለን፣ ግን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ሳልነግራችሁ ሊጉ እንዲጀምር አልፈልግም። ዜናው ላይ ስም አለ፣ ክለብ አለ፣ ማሊያ ይዞ ፈገግ ያለበት ፎቶ አለ፣ በቃ። ለስንት አመት ነው የፈረመው? እድሜው ስንት ነው? ማንን ሊተካ መጣ? እሱ ቦታ ላይ የነበረው ልጅስ የት ገባ? ይሄ የለም። እኛ የሀዋሳ ከተማ ደጋፊዎች ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ ቡና ይዘን በሌለ መረጃ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን፣ ጭቅጭቁም ሁሌ "አሪፍ ነው" እና "አይረባም" ላይ ያልቃል፣ የሲዳማ ቡና ደጋፊዎች ጎናችን ቁጭ ብለው ይስቁብናል (እነሱም ያው ናቸው እኮ)።

ነገሩን ያስታወሰኝ የአውስትራሊያ ኳስ ነው። አዎ የአውስትራሊያ፣ አትሳቁ። ታላቅ ወንድሜ ሜልቦርን ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ነው ሚኖረው፣ ሀበሻ የሞላበት፣ የሀበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ ያለበት ሰፈር፣ እና ዌስተርን ቡልዶግስ የሚባለው ክለብ መቀመጫው እዛው ነው፣ ልጆቹ በክለቡ አበዱ፣ እሱም ተከትሏቸው አበደ፣ ከዛ በስልክ ወደኔ አጋባው። ኳሷ ሞላላ ናት፣ ሜዳው ራሱ ሞላላ ነው፣ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መሃል በእግር ከገባች 6 ነጥብ፣ ረጅሙንና ጎን ያለውን አጭሩን ምሰሶ መሃል ካለፈች 1 ነጥብ። የቀረውን ህግ ተዉት። የዋንጫው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የኛ መስቀል ሰሞን ላይ ነው ሚውለው፣ በኛ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እ.ኤ.አ. የ2025ቱ ጭራሽ የመስቀል ዕለት ነበር፣ ብሪዝበን ጂሎንግን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ እኛ ቤት ገና ቡና እየተቆላ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከዋንጫው በኋላ የሚመጣው ንትርክ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የልውውጥ ጊዜ ይከፈታል። 18 ክለቦች አሉ፣ እና ክለብ ለክለብ የዝውውር ገንዘብ መክፈል ብሎ ነገር የለም። ተጫዋች ከፈለግክ ወይ ተጫዋች ትሰጣለህ ወይ ተራህን ትሰጣለህ። ተራ ስል፣ በየአመቱ አዳዲስ ወጣቶች ሲመጡ ክለቦቹ ተራ በተራ ይመርጣሉ፣ ድራፍት ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አለ፣ በደረጃ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው ወደ ኋላ ይቆያል። ያን ተራ ነው እንግዲህ ሚለዋወጡት፣ የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን አመት ጭምር። ተጫዋቹ ራሱ ካልተስማማ ደግሞ የትም አይላክም። በዛ ላይ ለጠቅላላ ተጫዋቾች የሚከፈለው ደሞዝ ጣሪያ አለው፣ ስለዚ አንድ ውድ ሰው ካመጣህ ሌላ ሰው መሸኘትህ አይቀርም። ከዝርዝር የሚቀነሱት ልጆችም ስማቸው አንድ በአንድ ይፋ ይወጣል፣ ያሳዝናል፣ ግን ይታወቃል። እና ደጋፊው ሲከራከር "ማን መጣ" ላይ አያቆምም፣ ማንን ሰጥተን? ለስንት አመት? በሱ ደሞዝ ምክንያት ነገ ማን ሊያመልጠን ነው? እያለ ይቀጥላል። ገና ትምህርት ቤት ያለው የወንድሜ ልጅ የቡልዶግስ ተጫዋቾችን ውል ማለቂያ በቃሉ ይወጣዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግፈው ሀዋሳ ከተማ ውስጥ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ ብትጠይቁኝ ዝም ነው የምለው።

እስቲ አንዱን ክርክራቸውን ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ወንድሜና ልጁ እስከዛሬ አልጨረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ውድድሩ እንዳለቀ የቡልዶግስ አምበል ራያን ግሪፈን ልሂድ ብሎ ተነሳ፣ ወደ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ። አምበል! ደጋፊው ጨሰ። ክለቡ ምን አደረገ፣ አምበሉን ሰጠ፣ 6ኛ ተራውን ጨመረበት፣ እና በምትኩ ቶም ቦይድ የሚባል የ19 አመት ልጅ አመጣ፣ ከአንድ አመት በፊት በድራፍቱ 1ኛ ሆኖ የተመረጠ ግን ገና ብዙ ያልተጫወተ ልጅ፣ ለ7 አመት፣ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ውል። ለልጅ ይሄ ሁሉ ብር ምንድነው ተባለ። ልጁም ወዲያው አልፈነዳም፣ በየጨዋታው ዋጋው እየተጠራ ነበር ሚተቸው። ከዛ 2016 መጣ። ቡልዶግስ ከ1954 በኋላ ዋንጫ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም ነበር፣ 62 አመት ሙሉ፣ ፍጻሜ ላይ ሲድኒን ገጠመ፣ ቦይድ 3 ጎል አገባ፣ አንዷ ከሩቅ የመታት መሬት ነጥራ እየተንከባለለች የገባችው ናት፣ ወንድሜ እሷን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደላከልኝ እግዜር ይወቀው። ዋንጫው ገባ። በ2019 ደግሞ ቦይድ በ23 አመቱ ጫማውን ሰቀለ፣ ውሉ ሳያልቅ፣ ከጭንቀት ጋር ስለነበረው ትግል በግልጽ ተናግሮ።

አዋጣ ወይስ አላዋጣም? ወንድሜ አንድ ዋንጫ ከ62 አመት በኋላ በምንም አይለካም ይላል። ልጁ ደግሞ በዛ ደሞዝ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይያዙ ነበር፣ ምናልባት ሁለት ዋንጫ ይመጣ ነበር ብሎ ሞግቶ ይይዘዋል። እኔ ከወንድሜ ጋር ነኝ፣ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም፣ ሁለቱም የሚከራከሩት በሚታወቅ ነገር ላይ ነው። አመቱ ይታወቃል፣ የተሰጠው ሰው ይታወቃል፣ ተራው ይታወቃል። የኛ ክርክር ግን ደብተር የሌለው እቁብ ነው፣ ማን እንደጣለ ማን እንደበላ ሳይታወቅ ጠብ ብቻ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። አዳነ ግርማ የሀዋሳ ልጅ ነው፣ ከሀዋሳ ነው ወደ ጊዮርጊስ የሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ጎሏን ሲያገባ እዚህ ከተማ ጎዳና ላይ ያልጨፈረ አልነበረም። ሽመልስ በቀለም ሀዋሳ ተጫውቶ ነው ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዛ ሊቢያ፣ ከዛ ግብጽ የሄደው። ይሂዱ፣ መሄዳቸው ያስደስታል፣ ተጫዋች አድጎ መሄድ አለበት። ግን ሀዋሳ በምትኩ ምን አገኘ? በጊዜው ጋዜጣ ላይ ያነበብናት "ፈረመ" የምትለዋን ብቻ ናት። አውስትራሊያ ግን ውሉን ጨርሶ ያለ ልውውጥ በነፃ የሚሄድ ትልቅ ተጫዋች ሲኖር ሊጉ ራሱ ለተጎዳው ክለብ ተጨማሪ ተራ በካሳ ይሰጣል። ላንስ ፍራንክሊን በ2013 ከሃውቶርን ወደ ሲድኒ በ9 አመት፣ በ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሄድ ሃውቶርን በካሳ ተራ አገኘ፣ የሚገርመው በሚቀጥለው አመት ፍጻሜ ላይ ያንኑ ሲድኒን ፍራንክሊን እያለ አሸንፎ ዋንጫ በላ። ፍራንክሊን ሁለት ዋንጫ የወሰደው ሃውቶርን እያለ ነው፣ ሲድኒ ሄዶ አንድም አላገኘም። ይሄን ሁሉ ደጋፊው ደምሮ ቀንሶ ያወራል።

አትሳሳቱ፣ ድራፍት ይምጣልን አላልኩም። እኛ ጋ ክለቦቹ በከተማ አስተዳደር ገንዘብ ነው በብዛት ሚኖሩት፣ ውሉም አንድ አመት ሁለት አመት ነው፣ በየክረምቱ ግማሽ ቡድን ወጥቶ ግማሽ ይገባል፣ ማንን ከማን ጋር ትለዋወጣለህ። የደሞዝ ጣሪያም ሞክረናል፣ ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ላይ በወር ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ተብሎ ተወሰነ፣ ከዛ በኋላ ከጀርባ ይከፈላል ሲባል ነው የከረመው። እዛ ካርልተን የሚባለው አንጋፋ ክለብ ጣሪያውን በስውር ሲያልፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ተያዘ፣ 930 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ከገንዘቡ በላይ ያመመው ግን የድራፍት ተራው መነጠቁ ነው፣ ያን አመት መጨረሻ ወጥቶ ስለነበር መጀመሪያ መምረጥ ነበረበት፣ ያን የመጀመሪያ ምርጫ፣ ብሬንደን ጎዳርድ የሚባለውን ልጅ፣ ሴንት ኪልዳ የሚባል ሌላ ክለብ ወሰደው። ካርልተን ሊያዝ የቻለው፣ ውል የሚመዘግብና የሚቆጥር አካል ስላለ ነው።

እኛ ጋ ማን ይቁጠር? እስቲ ከናንተ ይጀመር ነው ጥያቄዬ። ክለቦቹ አይነግሩንም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ብዙዎቹ አይናገሩም። እንግዲያው "ክለቡ የውሉን ዘመን አልገለጸም" ብላችሁ ጻፉት፣ እሱም ዜና ነው፣ ደሞዙ የሚወጣው ከከተማው ነዋሪ ግብር ነው እኮ፣ የኔም የእናንተም ብር አለበት። አንድ ሶስት ሳምንት ተከታትሎ እንዲህ ተብሎ ሲወጣ አንዱ ስራ አስኪያጅ አፍሮ ይናገራል ብዬ ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም፣ የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ አንድ ገጽ ስጡን፣ በየክለቡ የመጣው ስም፣ እድሜው፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ውሉ የሚያልቅበት ወርና አመተ ምህረት፣ ከጎኑ ደግሞ የወጡት በሙሉ፣ ወዴት እንደሄዱ ጭምር። ያን ገጽ ፎቶ አንስቼ በቴሌፎን ለወንድሜ ልጅ እልክለታለሁ፣ እሱ ሀዋሳ ከተማን ገና አያውቀውም፣ ግን ግራ መስመር ላይ ተመላላሽ እንደሌለን በአምስት ደቂቃ ነው ሚነግረኝ። እና የመጀመሪያውን ከሀዋሳ ጀምሩት፣ ሲዳማ ቡናን ሁለተኛ አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሀዋሳ ከተማ ደጋፊ፣ ከአቶቴ