የአባባ የዱቤ ደብተር

ውዴ፣ እንደምን ከረምሽ?

ሦስት ዓመት ጠፍቼ እንዲህ ማለት ራሱ ያሳፍራል። ልጅሽ ክርስትና ስትነሳ አልመጣሁም። ስትደውዪ አላነሳሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ቁጣሽን በአካል ስንገናኝ እቀበላለሁ። አሁን ግን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ።

አባባ 78 ሞላው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ጣቃ ዘርግቶ ሜትር ሲለካ ደንበኞቹ ዞር ብለው ሌላ ጨርቅ ያያሉ። እንዳያፍር ብለው ነው።

ያ የዱቤ ደብተር ትዝ ይልሻል? ሽፋኑ በፕላስተር የተጣበቀው? አሁንም እሱ ነው። ትክክለኛ ስም እኮ የለበትም። «ፂሙ፣ 12 ጣቃ»፣ «የደሴዋ፣ ግማሽ ከፍላለች»፣ «የሟቹ ወንድም»። ፂሙ ማን እንደሆነ ከአባባ በቀር የሚያውቅ የለም። ፂሙም ቢሆን ቃል የገባው ለአባባ እንጂ ለእኔ አይደለም። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ የተቃጠለ ሌሊት አባባ ከአልጋው ዘሎ «ደብተሩ!» አለ። ስለ ጨርቁ አልጠየቀም። እሳቱ እኛ ጋ አልደረሰም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሱቁ ከእሱ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ደፍሬ አነሳሁበት። «ሞቴን ተመኘሽ?» አለኝና ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

የሕግ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ንግድ ፈቃዱ በአባባ ስም ነው፤ እሱ ካለፈ ዝም ብሎ ወደ እኔ አይዞርም። ከንብረቱ ግማሹ የእማዬ ነው። የአባባ ግማሽ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ለአራታችን ልጆቹ እኩል ይደርሳል። እኩል መሆኑን አልጠላም። ግን ያንን ዕቃ አራት ቦታ ከከፈልነው ሱቅ የሚባል ነገር አይኖርም። ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) አቋቁመን ድርሻው በየስማችን ይጻፍ፣ ሥራ አስኪያጁም አባባ በሕይወት እያለ ይሾም ነው ሐሳቤ። ኑዛዜም ቢሆን ሙሉውን በገዛ እጁ ከጻፈው ምስክር አያሻውም፤ በ7 ዓመት ውስጥ ግን ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መቀመጥ አለበት። በዚያ እጁ ግን እንዴት አድርጎ ይጻፈው? ሌላ ሰው ከጻፈለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ምስክር ፊት መነበብ አለበት። አራት ሰው ቤታችን ጠርቶ ስለ ሞቱ ሲነበብ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ይመስልሻል?

አሁንም «ወንድምሽ ሲመጣ» ይላል። ወንድም ጋሼ ቨርጂኒያ ከገባ 19 ዓመቱ ነው። ያንን በር 11 ዓመት ሙሉ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ብቻ ልናገር፦ ሱቁን እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አንድ ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም። የእናንተ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈው የእሸጋ ወረቀት ጸሐይ በልቶት ነጭ እስኪሆን ድረስ በፊቱ አብረን አልፈናል። አንድም ቀን አላወራነውም። እዚያ ላይ እጄን ማሳረፌ ከከበደሽ ደብዳቤውን እዚህ ላይ እጠፊው፤ አልቀየምሽም። ግን አባባ አንቺን ይሰማሻል። «ያቺ ልጅ ቁም ነገረኛ ናት» የሚለው ስለ አንቺ ነው፤ እስካሁን ያስቀናኛል! ወንድሞችሽ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቤታችሁ ምን እንደሆነ ከአንቺ አፍ ቢሰማ የእኔን ጥያቄ እንደ ሞት ምኞት አያየውም።

ትናንት ማታ ቡና ከጠጣን በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ደብተሩን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ፂሙ ኮምቦልቻ ነው ያለው» አለኝ። «አሁን እንኳ ተላጭቶታል።» ስልክ ቁጥሩን አስጻፈኝ። ሦስት ገጽ ሄደን ደከመው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቶሎ እንዘጋለን። ብትመጪ ደስ ይለኛል። የእናትሽን በሶብላም እንዳትረሺ።

ናፍቀሽኛል።
እህትሽ