ሳንጠየቅ የተመረጠልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ክርክር በተነሳ ቁጥር «ያልፈለገ አይጠቀም፤ ማን አስገደደው?» የሚል መልስ ይሰጣል። ጉግልን በተመለከተ ይህ መልስ ውሃ የሚያነሳ ስላልመሰለኝ አስተያየቴን ልኬላችኋለሁ።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ሥራው መረጃ ፈልጎ ማቅረብ ብቻ ነበር። በ2004 የኢሜይል አገልግሎት ጀመረ፤ በ2005 አንድሮይድን፣ በ2006 ዩቲዩብን ገዛ፤ በ2008 የዳብልክሊክን ግዢ ሲያጠናቅቅ ደግሞ የራሱ ባልሆኑ ድረ ገጾች ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎችን የማስተላለፍ አቅም አገኘ። ቆይቶም የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ የሚሠራውን ኔስትን፣ በ2021 ደግሞ እርምጃንና የልብ ምትን የሚለካውን ፊትቢትን ጠቀለለ። አገልግሎቶቹ ጠቃሚ መሆናቸውን አልክድም፤ እኔም በየዕለቱ እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን ተጠቃሚው ለኢሜይሉም ሆነ ለቪዲዮው የተስማማው ለየብቻ ሆኖ ሳለ፣ ኩባንያው በመጋቢት 2012 የአገልግሎቶቹን የግላዊነት ደንቦች በአንድ ደንብ ጠቅልሎ በአንዱ የሰበሰበውን መረጃ ከሌላው ጋር ማጣመር ጀመረ። ያልተዋጠለት ተጠቃሚ የነበረው አማራጭ አካውንቱን መዝጋት ነበር።

«ማን አስገደደው?» ለሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ የተሻለው ምላሽ የሚገኘው ከአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ዳኛ አሚት መህታ በነሐሴ 2024 ጉግል በመረጃ ፍለጋ ገበያ ያለውን የበላይነት በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል ብለው ሲወስኑ፣ ኩባንያው በ2022 ብቻ በአፕል መሣሪያዎች ላይ አስቀድሞ የተመረጠ መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በክርክሩ ታውቆ ነበር። እርግጥ ዳኛው የመፈለጊያውን ጥራት አልካዱም። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ በገዛ ፈቃዱ ፈልጎ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከሰክስ ኩባንያ አይኖርም ነበር። የተከፈለው ብዙዎቻችን የተመረጠልንን እንደማንቀይር ስለሚታወቅ ነው።

ከተጠቃሚው ስልክ ላይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «የአካባቢ ታሪክ» ይባል የነበረውን የጉግል ምርጫ ያጠፋ ሰው የት እንደዋለ ከእንግዲህ አይመዘገብም ብሎ ማመኑ ተገቢ ነበር። ሆኖም «የድርና የመተግበሪያ እንቅስቃሴ» በሚል ርዕስ ሌላ ገጽ ላይ የተቀመጠና ከመጀመሪያውኑ በርቶ የሚመጣ ሁለተኛ ምርጫ ነበር፤ እሱ እስካልጠፋ ድረስ ስልኩ የነበረበት ቦታ መመዝገቡን አያቆምም ነበር። ጉዳዩ በ2018 በጋዜጠኞች ከተጋለጠ በኋላ ኩባንያው በ2022 ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2019 ደግሞ የኔስት የቤት ደህንነት መሣሪያ ለገዢው ያልተነገረ ማይክሮፎን እንዳለው ሲታወቅ፣ ኩባንያው በዝርዝሩ ውስጥ አለመጠቀሱ ስህተት እንደነበር ገልጿል። እንዲህ ያለው ስህተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ይገርመኛል።

ኩባንያው ይከፋፈል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዋናው መፍትሔ እሱ አይመስለኝም። ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2025 የጉግል የድረ ገጽ መክፈቻ የሆነው ክሮም እንዲሸጥ የቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አድርጎ ተፎካካሪን የሚያገሉ ውሎችን ከልክሏል፤ ቀድሞ ለመመረጥ የሚከፈለውን ክፍያ ግን ሙሉ በሙሉ አላገደም። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሊያተኩሩ የሚገባቸው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ መረጃ የሚሰበስብ ማንኛውም ምርጫ ጠፍቶ እንዲመጣና ለአንድ አገልግሎት የተሰጠ መረጃ የባለቤቱ የተለየ ፈቃድ ሳይጠየቅ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ። ሁለተኛው ሊሠራ የሚችል መሆኑ ታይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ በመጋቢት 2024 ተፈጻሚ ሲሆን ጉግል በዚያ ለሚገኙ ተጠቃሚዎች የትኞቹ አገልግሎቶች መረጃ እንዲጋሩ ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቅዷል። ያው ምርጫ ለቀሪው ዓለም ተጠቃሚ የማይቀርብበትን ምክንያት ኩባንያው በይፋ እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ