ማክሰኞ ለገሃር አየሁህ

ጌትሽ ወንድሜ፣

እንደምን ነህ? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ሰበብ ብደረድርልህ አንተም አታምነኝ፣ ስለዚህ እንለፈው።

ባለፈው ማክሰኞ አየሁህ። ታክሲህ ውስጥ፣ ተራ ይዘህ መሪህ ላይ ተቀምጠሃል። ቀበቶህን ፈታ አድርገህ፣ ጭንህ ላይ ፓስቲ በወረቀት ዘርግተህ፣ በቀኝ እጅህ የግራ ትከሻህን ታሻለህ። አንዴ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሦስቴ አሸኸው። መስኮቱን ላንኳኳ ጠጋ ካልኩ በኋላ አፈርኩና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ምናልባት የመሪ ድካም ይሆናል። ይሁንልኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያወጣው ጥናት አለ። ስለ ለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ነው፣ እኔ ግን ሳነበው የኔና ያንተ ታሪክ መሰለኝ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ በዚያው መኪና ውስጥ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም የበረታው ሹፌሮቹ ላይ ነው። ቆራጮቹን ቢይዛቸውም ዘግይቶ፣ ቀለል ብሎ ነው። በኋላ የዩኒፎርማቸውን ልክ ቢያዩ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ቦርጭህ ትዝ አለኝ፣ አትቀየመኝ!

ያኔ እኔ የታክሲህ ረዳት ሆኜ በር ላይ ተንጠልጥዬ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያልኩ ስዘል፣ አንተ «ምነው ዝግ አልክ» ትለኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ዝላይ ለኔ መድኃኒት ነበር። አሁን ሜክሲኮ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ ባለፈው ወር ስለካ ደም ግፊቴ 150 በ95 ሆነ። ፈራሁ። ሐኪሙ ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። አሁን ማታ ማታ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግሬ ነኝ። በነገራችን ላይ ጎማ መቀየር፣ ጆንያ መጫን ይበቃኛል እንዳትለኝ፤ ከባድ ሸክም ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል እንጂ እንደ እርምጃ አይሆንም።

እንዴት ብዬ እንደምልህ አላውቅም... ሄደህ ተመርመር። ግፊትህን፣ ስኳርህን፣ ልብህንም ይዩት። ደረትህን ጨምድዶ ወደ ክንድህ ወይ ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ካላበህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ግን «ይህችን ዙር ልጨርስ» አትበል። መኪናዋን እዚያው አቁምና ሰው ጥራ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ያድርስህ።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ለገሃር፣ አንበሳው ሐውልት ስር እጠብቅሃለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። የቀኑን ገቢ እኔ እችላለሁ። የቸርችልን ዳገት ደግሞ ሐኪሙ ከፈቀደልህ በኋላ ቀስ ብለን እንሞክረዋለን። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ደውልልኝ።

ወንድምህ ሳሚ