ከማሰር በፊት ጠይቁ፦ ለቀለብ ፍርድ አፈጻጸም ኃላፊዎች

ይድረስ የፍርድ አፈጻጸም ክፍል ለምትመሩ፣

ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ቀለብ ይከፈል ከተባለ መከፈል አለበት። በዚህ ክርክር የለኝም። ቀለቡን የምትጠብቅ ሴት አከራይዋን «ጉዳዬ ቀጠሮ ላይ ነው» ብትለው አይሰማትም። የምጽፍላችሁ ፍርዱ ስለሚፈጸምበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ መጥሪያው። ሰው ሲፋታ አንዱ ቤቱን ለቆ ይወጣል። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ግን ብዙ ጊዜ ያው የድሮው ቤት ነው። መጥሪያው እዚያ በር ላይ ይለጠፋል። እዚያ የምትኖረው ደግሞ ከሳሿ ራሷ ናት! (ከፋይዋ ሚስት፣ ተቀባዩ ባል የሚሆንበትም ጊዜ አለ።) ቀጠሮው ያልፋል። «ተጠርቶ አልቀረበም» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ታስሮ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ነው። ይሄ ለእሷም አይበጃትም። ሰውየው መጥሪያ እንዳልደረሰው ካስረዳ ትእዛዙ ሊነሳ ይችላል፤ እሷም እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ስልኩ ወይም መሥሪያ ቤቱ እየታወቀ በር ላይ መለጠፍ ምን የሚሉት ነው?

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው፦ ሰውየው አልከፍል ብሎ ነው ወይስ አጥቶ? ገንዘቡን በወንድሙ ስም የሚያስቀምጥ ሞልቷል። እሱን አትማሩት። ከሥራ የተቀነሰውን ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አትፍጩት። ቢታሰር ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. በተርነርና ሮጀርስ ጉዳይ ይህንኑ ጥያቄ አይቷል። የልጅ ቀለብ ባለመክፈሉ 12 ወር የታሰረ አባት ነበር። ፍርድ ቤቱ መንግሥት የግድ ጠበቃ ያቁምለት አላለም። ግን ዋናው ጥያቄ የመክፈል አቅሙ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፣ ገቢና ወጪው በቅጽ ይጠየቅ፣ መልስ የመስጠት ዕድል ይኑረው፣ ዳኛውም መክፈል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን በግልጽ ይወስን የሚል መንገድ አሳይቷል። ይህ ሁሉ አልተደረገለትምና እስራቱን ሽሮታል። ለትዳር ጓደኛ ቀለብም ያው ነው። አንድ ገጽ ቅጽ ማንንም አያደኸይም።

የእጅ በእጅ ክፍያ ሌላ ጣጣ ነው። እሱ ከፈልኩ ይላል፣ እሷ አልደረሰኝም ትላለች፣ መዝገቡ ባዶ ነው። ክፍያው በባንክ እንዲሆን ከመጀመሪያው እዘዙ።

መጥሪያው ላይም አንድ መስመር ጨምሩ፦ ገቢው የቀነሰ ሰው ቀለቡ እንዲሻሻል የት እንደሚያመለክት። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ውዝፉ ከተቆለለ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር