ስለ 20 ኢንች ታጣፊ ብስክሌት የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለብስክሌት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅታችሁ
የሽያጭና ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተነገረኝና የደረሰኝ ብስክሌት ስለመለያየታቸው

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም 20 ቀን ከእናንተ አንድ ታጣፊ ብስክሌት ገዝቻለሁ። 42,000 ብር በቴሌብር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ዕቃው በአምስተኛው ቀን በአውቶቡስ ተጭኖ ባሕር ዳር ደረሰ። ሳጥኑ አንድም ቦታ አልተቀደደም። ለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን እዚሁ ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ ለምን ታጣፊ እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። ሻጫችሁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው የሸጠልኝ።

ባሕር ዳር ሜዳ ነው። እዚህ ሳይክል መንዳት ፋሽን አይደለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። እኔ የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ የምሠራው ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ላይ ከተመረቀ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለው፣ 380 ሜትሩን ከባጃጅ ጋር ሳልጋፋ እሻገራለሁ። የሚያስቸግረኝ ማቆሚያው ነው። የተከራየሁት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የድሮ ሳይክሌ ደረጃው ሥር ታስሮ እያለ ተሰረቀ። ሰንሰለቱን ትተውልኛል።

እናቴ ደግሞ መርዓዊ ናት፤ ከዚህ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄዳለሁ። ሙሉ ሳይክል ጣራ ላይ ሲጫን ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ ቀኑ ያልቀናው ረዳት የሁለት ሰው ይላል። ታጥፎ ከመቀመጫ ኋላ የሚገባ ግን ሻንጣ ነው፣ ማንም አይናገረውም። በዚያ ላይ እኔ ቀሚስ ለባሽ ነኝ። የታጣፊ ሳይክል ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመውጣት እግር ማንሳት አይጠይቅም። እናቴ ሐሳቡን የደገፈችው ይቺን ስትሰማ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ሳጠያይቅ ነበር። ጎማው 16 ኢንች የሆነው ሲታጠፍ በጣም ያንሳል። ግን የብሮምፕተን (የእንግሊዝ ታጣፊ ሳይክል) ዓይነቱ ጎማ ልኩ 349 የሚባል የተለየ ልክ ነው፤ ዋጋውም የእኔ ደመወዝ የሚደፍረው አይደለም። 20 ኢንቹ ሲታጠፍ ሰፋ ይላል፣ ትንሽም ይከብዳል። ጉድጓድ ላይ ግን ይሻላል። ከሁሉ በላይ የልጆች ሳይክል ጎማ ይገጥምለታል፤ የልጆች ሳይክል ጎማ ደግሞ እዚህ ገበያ ሞልቷል። የማርሹን ብዛት፣ ቀለሙን፣ የኋላ መጫኛውን፣ ሁሉንም ለዚህ ስል ትቼዋለሁ። የምፈልገው ጠዋት ቢፈነዳ ከሰዓት የሚቀየር ጎማ ነበር።

ስለዚህ በቴሌግራም ጠየቅሁ፦ «ጎማው የተለመደው 20 ነው? የልጆች ሳይክል ላይ ያለው?» ሻጫችሁ መለሰ፦ «አዎ እህቴ፣ ኖርማል 20 ነው፣ የትም ይገኛል።» ስክሪንሾቱ ተያይዟል።

የደረሰኝ ኖርማል 20 አይደለም። ጎማው ጎን ላይ 28-451 ይላል።

ይህን ቁጥር ያስተማረኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ኮብልስቶኑ ላይ የኋላው ጎማ ሲፈነዳ ገፍቼ ወሰድኩለት። ከመነዳሪውን ለጠፈው። ጎማው ግን ጎኑ በድንጋይ ተሰንጥቋል፤ ጣቱን አስገብቶ በውጭ በኩል አሳየኝ። «ምንም አይደል፣ የልጅ ጎማ አለኝ» ብሎ ከተሰቀሉት አንዱን አወረደ። ግማሹ ቸርኬው ላይ ገባ፣ ግማሹ እምቢ አለ። በጉልበቱ ደግፎ በሁለት ብረት ታገለው። ከዚያ ተወውና ሁለቱን ጎማዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠ። በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጠረገ። የእሱ ላይ 406፣ የእኔ ላይ 451።

«እታለም፣ ይኼ የእኛ አገር 20 አይደለም» አለኝ።

እናንተ ዕቃውን የምታስመጡ ስለሆናችሁ ይህን ታውቃላችሁ ብዬ አስባለሁ። ለማታውቁ ግን ልጻፈው። ሁለቱም 20 ኢንች ይባላሉ። 406 ወይም 451 የሚለው ቁጥር ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር የሚናገር ነው። 406ቱ የልጆች ሳይክልና የብዙዎቹ ታጣፊዎች ልክ ነው። 451ዱ በ45 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ጎማውም ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ይፈጥናል፤ አልክድም፣ ድልድዩ ላይ እንደ ወፍ ነው የሚበረው። ሰፈር ውስጥ ስገባ ግን እያንዳንዷን ድንጋይ አከርካሪዬ ይቆጥራታል። ደግሞ ከመነዳሪው ቀጭን አፍ ያለው ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታው መንፊያ አልያዘለትም። የማታ ማታ ጎረቤት የስፖርት ሳይክል ካለው ልጅ ፖምፓ ተውሼ ነፋሁት። ስንጥቁን ጎሚስታው ከውስጥ አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ደገፈው። ጎማው እስካሁን እንደዚያው ነው። ከተማውን አስሼ 451 ጎማ አላገኘሁም።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። 11 ኪሎ ተኩል ነው ተብዬ ነበር። እህል ተራ ሚዛን ላይ አስቀምጬው 14 ሆነ። ጤፍ ቢሆን ምርቃት እለው ነበር፤ ሦስት ፎቅ ስሸከመው ግን ምርቃት አይመስልም።

የመሪው ማጠፊያ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት መላላት ጀመረ። ቆልፌው ሳለ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስገፋው ቋ ቋ ይላል። ጎሚስታው ዳዶውን አጠበቀው፤ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ታጣፊ ሳይክል ላይ ይህ ማጠፊያ ቢለቅ መሪው እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ መንዳት አቁሜያለሁ። በባጃጅ ነው የምመላለሰው።

ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። መጀመሪያ ያነሳው ልጅ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ይስተካከላል» አለኝ። ጎማ 451 መሆኑን በልምድ እንዴት እንደሚተው አልነገረኝም። ሁለተኛው «አዲስ አበባ ይዘሽው ነይ፣ እናየዋለን» አለ። ከዚህ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መካከሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ለአንድ ዳዶ!

ሦስተኛው የተሻለ ሰው ነበር። ችግሩን ሰምቶ «የ406 ቸርኬ ሁለት እንልክልሽ፣ እዚያው አስቀይሪው» አለ። ደስ ብሎኝ ለጎሚስታው ስነግረው ሳቀ። ሜትር አውጥቶ አሳየኝ። የዚህ ሳይክል ፍሬን ቸርኬውን ከጎንና ከጎን የሚይዝ ነው። ቸርኬው በ45 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በእያንዳንዱ በኩል 22 ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ይሸሻል። የፍሬኑ ጎማ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ የሚይዘው አየር ነው። ቸርኬውን ሳይሆን መሐል ላይ ያለ ክብ ብረት የሚይዝ የዲስክ ፍሬን ቢሆን ይሠራ ነበር። የእኔ ዲስክ የለውም። የሻጭ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሳያስብ ፍሬን የማይዝ ሳይክል ሊያስነዳኝ መሆኑ ከጎማው በላይ አስደንግጦኛል።

የምጠይቀው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ይህን ብስክሌት ወስዳችሁ ጎማው 406 የሆነ፣ ማጠፊያው የማይላላ ሌላ ላኩልኝ፤ የደርሶ መልስ ጭነቱን ችላችሁ። ከመላካችሁ በፊት የጎማውን ጎን ቁጥሩ እንዲታይ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም አሳዩኝ። አለዚያ 42,000 ብሬንና ለጭነት የከፈልኩትን 900 ብር መልሱልኝ። ልዩነቱን ተቀብዬ ቅናሽ እንዲደረግልኝ የሚል ሐሳብ ከመጣ ከወዲሁ አልቀበልም። ቅናሽ ጎማ አይሆነኝም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እኔ መረጃውን ጠይቄያለሁ፣ በጽሑፍ ተመልሶልኛል፣ መልሱ ስህተት ነበር። እስከ ኅዳር 30 ቀን መልስ ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ጉዳዩ ለሚመለከተው የንግድ መሥሪያ ቤት አስገባለሁ። እስካሁን ግልባጭ ለማንም አላደረግሁም።

ማስታወቂያችሁ ላይም ዛሬም «20 ኢንች» ብቻ ነው የተጻፈው፤ ትናንት ማታ አይቻለሁ። ቁጥሩን ጨምሩበት። ሦስት አኃዝ ናት።

ብስክሌቱ ታጥፎ በር ኋላ ቆሟል። ሳጥኑን አልጣልኩትም፣ ማሸጊያ ስፖንጁም አለ። ሰው ከላካችሁ በአሥር ደቂቃ ታሽጎ ይረከባል። ስሜና ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ፤ በሥራ ሰዓት ካላነሳሁ ከ11 ሰዓት በኋላ ደውሉ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ባሕር ዳር

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም ምልልስ ስክሪንሾት፣ የሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ፎቶ፣ ማጠፊያው ሲላላ የሚያሳይ ቪዲዮ